ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልዘነበው ዝናብ

ክሪስፑሎ አግባያኒ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ እየሸጠ በላ። ገበሬ ነበር ማለቴ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ፔድሮ ወደብ አጠገብ «ጨረቃ ደሴት» የሚባል መጠጥ ቤት ነበር፤ ከባንኮኒው ጀርባ ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ቆሞ ዝናብ ማዝነብ ነበር ሥራው። የውሃውን መክፈቻ ሲያዞር፣ ጣሪያው ሥር የተዘረጋው የተበሳሳ ቧንቧ ውሃውን ቆርቆሮ ላይ ይለቀዋል፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ጠጪው ሁሉ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ «ኧረ ዘነበ!» ይላል። ውጭ ግን ጠራራ ፀሐይ ነው፣ አስፋልቱ ይቀልጣል። ሰው እንደሆነ መቼም ከጉድ ጋር መኖር ይወዳል።

ቤቱ መስኮት አልነበረውም። አለ የሚባለው አንድ መስኮት እንኳ ባሕርና ጨረቃ የተሳለበት ሰሌዳ ነው፤ ከፊቱ መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ የፕላስቲክ የሙዝ ቅጠል፤ ዝናቡ እዚያም ላይ ይወርዳል። ግድግዳው ቀርከሃ ነው። ከዘንባባ ግንድ የተጠረቡ ጥርሳቸውን ያገጠጡ ትልልቅ ፊቶች በየጥጉ ቆመዋል፣ ግድግዳው ላይም ተለጥፈዋል። ከጣሪያው ላይ ተነፍቶ የደረቀ እሾሃም ዓሣ ተንጠልጥሎ ሆዱ ውስጥ አምፖል ይበራል። ያኔ አሜሪካኑ ሁሉ በዚህ ነገር አብዶ ነበር፤ ከጦርነቱ የተመለሰውም፣ ጦርነቱን በጋዜጣ ያነበበውም፣ እኩል ያበባ ሸሚዝ ለብሶ የደቡብ ባሕር ሰው ነኝ ይላል።

ባለቤቱ ሚስተር ሀገርቲ በጦርነቱ ጊዜ አንዲት ደሴት ላይ ሦስት ወር የዱቄት መጋዘን ጠብቋል። ያየው ጆንያ ነው፤ ሲያወራ ግን ደሴቶቹን የፈጠራቸው እሱ ይመስላል። ሠራተኞቹን በሙሉ ፊሊፒኖ ቀጠረና የደሴት ስም አወጣላቸው። ክሪስፑሎን «ካናሎ» አለው፤ ባንኮኒው ላይ የሚሠራውን ታላቅ ወንድሙን ሴቬሮን ደግሞ «ሞኪ»።

«እኛ እኮ የኢሎኮስ ልጆች ነን ጌታዬ» አለው ሴቬሮ አንድ ቀን።

«ኢሎኮስ ደሴት ላይ አይደለም?»

«ደሴት ላይስ ነው።»

«ታዲያ ምን ትነዘንዘኛለህ?»

ሰዓት የሚባል ነገር ደግሞ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል አይፈቅድም፤ የእጅ ሰዓት ያሰረም ሲገባ ፈትቶ ኪሱ ይከታል። «ሰዓት ያየ ሰው ሚስቱን ያስታውሳል፤ ሚስቱን ያስታወሰ ሰው ይነሳል» ይል ነበር። ዝናቡንም ያመጣው ለዚሁ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ማን ይወጣል? አንድ ጨምርልኝ ይላል እንጂ።

ሀገርቲ መጀመሪያ ያዘዘው ከፍተህ ዝጋ ብሎ ነው። ክሪስፑሎ ግን የዝናብ አገር ሰው ነው፣ ዝናብ እንደዚያ በድንገት ደርሶ እንደማይሄድ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አንዲት ስስ ቆርቆሮ ይዞ በቀስታ ያንቀጠቅጣል፤ ከሩቅ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ ይሆናል። ቀጥሎ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ዶፉ። ሲያባራ ደግሞ ጠፈጠፉ አለ፤ ጥበቡ እሱ ላይ ነበር። መክፈቻውን በጣቱ ጫፍ ይዞ ጠብታዎቹን እያራራቀ፣ እያራራቀ ሲሄድ፣ ጠጪው ሳያውቀው ወሬውን ዝግ አድርጎ ያዳምጣል። አንዳንዱ ያለቅስ ነበር። ስካር ነው ትሉ ይሆናል፤ ይሁን፣ ስካርም ነው።

ክፍሏ ወደ አዳራሹ የምታይበት ቀዳዳ ነበራት፤ ቀዳዳውም ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት የእንጨት ፊቶች የአንዱ ግራ ዓይን ነው። በዚያ ዓይን ጠጪውን ያያል። አጠገቡ የሚቆመው የጠረጴዛ ሰዓት በቤቱ ውስጥ የሚታየው ብቸኛ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ በሞላ ቁጥር ያዘንባል፤ ሰባት ደቂቃ፣ ከዚያ ያባራል።

ልማድ መጥፎ ነው። ዓመት ዓመትን ሲተካ የቤቱ ሰው ሁሉ ጊዜን በዝናቡ መቁጠር ያዘ። «ከስምንቱ ዝናብ በፊት አናናሱን ልጠህ ጨርስ» ይባባላሉ። ደንበኛውም «ሚስቴ በአሥራ አንዱ ዝናብ ትመጣለች» ይላል። ሌላም ልማድ ነበር፤ ዝናቡ ሳያባራ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን ባንኮኒ ላይ እየደበደበ «ጨው ነህ? ትሟሟለህ?» እያለ ያዋርደዋል። ስለዚህ ማንም አይነሳም። ጎልማሳ ሁሉ በቧንቧ ውሃ ታስሮ ቁጭ!

ሁለቱ ወንድማማቾች ፊሊፒንስ ውስጥ ኢሎኮስ፣ ባዶክ አጠገብ ካለች የሩዝ መንደር ሲወጡ ሴቬሮ የሃያ ሁለት፣ ክሪስፑሎ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሴቬሮ የሦስት ወር እርጉዝ ሚስቱን ትቶ ነው የመጣው። «ሦስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሏታል። ሥራው ጠፋ፣ ድህነቱ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ሚስቱ በጦርነቱ ዘመን በወባ ሞተች። ልጅቱን ፑሪፊካስዮንን አያቷ አሳደገቻት። አባትና ልጅ በደብዳቤ እንጂ በዓይን አይተዋወቁም።

ክሪስፑሎ ደግሞ ጭራሽ ማንም የለውም። በካሊፎርኒያ ሕግ ፊሊፒኖ ነጭ ሴት ማግባት ክልክል ነበር፤ የአገራቸው ሴት ደግሞ ከሺህ ወንድ መሃል አንዷም አትገኝም። ሕጉ ሲነሳ የሱ ጊዜ አልፏል። ያለው ሴቬሮ ብቻ ነው። በእርሻውም፣ በአላስካ የዓሣ ፋብሪካም፣ በእቃ አጠባውም አብረው ነበሩ፤ እዚያው ወደቡ አጠገብ ዊልሚንግተን ውስጥ ሁለት አልጋ ባላት አንድ ክፍል አብረው ይኖራሉ። ሴቬሮ ነው ሩዙን የሚቀቅለው፣ ሴቬሮ ነው ኮቱን ለብሰህ ውጣ የሚለው። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶት እንኳ በነሱ ቋንቋ «አዲንግ» ነው የሚለው፣ ታናሼ ማለቱ ነው። እሱም «ማኖንግ» ይለዋል፣ ታላቄ።

ከጦርነቱ አሥር ዓመት በኋላ ፑሪፊካስዮን ላገባ ነው ብላ ጻፈች። «አባቴ እጄን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያስገባኝ እንጂ ሌላ ሰው አይነካኝም» አለች። ሴቬሮ የመሳፈሪያው አልሞላለትም ነበርና ቀኑን ለሱ ብላ አንድ ዓመት አስተላለፈችው፤ የሙሽራው ዘመዶች አጉረመረሙ። ለሁለተኛ ጊዜ ቀን ተቆረጠ፣ ከፋሲካ በኋላ። ከዚህ ወዲያ የሚጠብቅ አልነበረም።

ሴቬሮ ለጫማዋ ልክ ወረቀት ላይ ቆማ የእግሯን ዙሪያ በእርሳስ አስምራ እንድትልክለት ጠየቃት። ወረቀቱ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስንት ቀን ሲያየው ከረመ። ነጭ ጫማ ገዛ፣ ነጭ ጨርቅ ገዛ፣ ሳጥን ሞላ። በአንዲት የጭነት መርከብ ላይ ርካሽ ቦታ ተገኘ፤ ሠርጉ ሳያልፍ የምታደርሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ቀጣይዋ የምትነሳው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። አውሮፕላን ያኔ የሀብታም ነበር።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ሳጥኑ ቀድሞ መርከቧ ላይ ተጫነ። ሴቬሮ ክፍላቸው ውስጥ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ለወንድሙ አሰረለት።

«እኔ ምን ያደርግልኛል? አገሬ ዶሮ አለ» አለ።

«ማኖንግ፣ እኔስ?»

«አንተስ ምን?»

«እኔስ ምን ልሁን?»

«ምን ትሆናለህ? ሥራህን ትሠራለህ፣ ታጠራቅማለህ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትመጣለህ። ቤት ሠርቼ እጠብቅሃለሁ። ደግሞ እንዳታለቅስብኝ፤ ፊት ለፊት አንሰነባበትም፣ እኔም አልችልም።»

ክሪስፑሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሴቬሮ ከሰባት ሰዓቱ ዝናብ በኋላ ሱፍ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዞ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንኮኒው ወዲህ፣ ከጠጪዎቹ ጋር ተቀመጠ። ሀገርቲ ለዕቃ ግዢ ሎስ አንጀለስ ወጥቶ ስለነበር ቤቱ የነሱ ሆኗል። ሁሉም ጋበዘው። ዶርሲ የሚባል ጡረታ የወጣ የጎታች ጀልባ ሰው አጠገቡ ተለጥፎ አላስቀምጥ አለው።

«ሞኪ፣ መርከብ ሰው አይጠብቅም እኮ። ስንት ሰዓት ግባ አሉህ?»

«ለአሥር ሩብ ጉዳይ። አሥር ላይ ትነሳለች። የዘጠኙን ዝናብ ሰምቼ እነሳለሁ፤ በታክሲ አሥር ደቂቃ ናት።»

«ልጅህን ስታገኛት መጀመሪያ ምን ትላታለህ?»

«እንጃ። መጀመሪያ እግሯን ነው የማየው» አለ ሴቬሮ እየሳቀ። «የማውቀው እግሯን ብቻ ነው።»

ቤቱ ሳቀ። ክሪስፑሎ ከእንጨቱ ዓይን ኋላ ሆኖ ሰማ። ወንድሙን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቶት አያውቅም። ያ ደስታ ደግሞ አንድም ነገር ስለ ክሪስፑሎ አልነበረበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። እጁ መክፈቻው ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ልየው፣ አለ በሆዱ። አምስት ደቂቃ ምን ያደርጋል? አምስቱ አለፈ። ሴቬሮ ስለ አላስካ ዓሣ ያወራል፣ እጁን ዘርግቶ ርዝመቱን ያሳያል። ዘጠኝ ከሩብ። አሁን ብከፍተው ተመችቶት ይደርሳል፣ አለ። አልከፈተውም። ዘጠኝ ከሃያ አምስት። የዊልሚንግተኗ ክፍል መጣችበት፤ ያቺ ሁለተኛ አልጋ፤ ለአንድ ሰው የሚቀቀል ሩዝ። ዶርሲ «ኧረ ሞኪ፣ ጊዜህ እንዳያልፍ» ሲል ሰማ።

«ዝናቡ የታለ? ገና ነው» አለ ሴቬሮ። «ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የወንድሜ ዝናብ ዘግይቶ አያውቅም።»

ክሪስፑሎ ይህን ሰምቶ እንኳ አልከፈተም። ቆሞ ሁለቱን ሰዓት ያያል፣ የጠረጴዛውን አንዴ፣ የእጁን አንዴ፣ ይለያዩ ይመስል። ኋላ ሲናገር፣ ሊያስቀረው አስቦ እንዳልነበር በእናቱ አጥንት ይምላል። ሮጦ የሚደርስ መስሎኝ ነበር ይላል። እኔ አላውቅም። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሳ ማን ይደርስበታል?

ዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት ላይ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠ። ዝናቡ መጣ። ሴቬሮም እንደ ቤቱ ወግ አልተነሳም፤ ብርጭቆውን ይዞ ሰባቱን ደቂቃ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ይባስ ብሎ የክሪስፑሎ እጅ ለምዶ ጠፈጠፉን እንኳ አላስቀረበትም። አባራ። ሴቬሮ ተነስቶ አንድ በአንድ ተሰናበተ፣ ዶርሲን አቀፈው፣ ከዚያ ወደ እንጨቱ ፊት መጥቶ መዳፉን ጉንጩ ላይ አሳረፈ።

«አዲንግ፣ ደህና ሁን። ራት መብላት እንዳትረሳ።»

ከዓይኑ እስከ ዓይኑ አንድ ክንድ አይሞላም። «ሩጥ!» ቢለው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! መክፈቻውን ጨብጦ ቀረ። ሴቬሮ መልስ እንደማይመጣ አውቆ፣ የሚያለቅስ መስሎት፣ እንጨቱን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ለአሥራ አንዱ ዝናብ ሰው ገባ ገባ ሲል ሴቬሮ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ የሰው ፊት አልነበረም፤ ግን ጨዋታ የለመደ ሰው ነውና ፈገግ አለ።

«ዝናብ ያዘኝ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዶርሲ መጠጥ ገዛለት። ክሪስፑሎ ክፍሉ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አፉን በእጁ ይዞ ነበር፤ ሳቁ ሲበርድ ሰዓቱ ሞልቶ ነበርና ተነስቶ አዘነበ።

ሳጥኑ ሄደ። ባሕር ተሻግሮ፣ ማኒላ ወርዶ፣ ባዶክ ደረሰ። በሠርጉ ቀን ፑሪፊካስዮንን የእናቷ ወንድም እጇን ይዞ አስገባት። ከዚያ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ «ሳጥኑ ደርሷል። ጨርቁም ጫማውም ደርሷል። ሰው አልደረሰም» ይላል። ሴቬሮ ሐሰት የማያውቅ ሰው ነበር። «ልጄ፣ መርከቧ የሄደችው እኔ ቁጭ ብዬ ስጠጣ ነው» ብሎ የሚያውቀውን እውነት ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ አልጻፈችለትም።

ክሪስፑሎ የራሱን ቁጠባ አውጥቶ «አሁንም ሂድ፣ እግሯ ላይ ውደቅ» አለው። ሴቬሮ ራሱን ነቀነቀ። «በምን ዓይኔ?» አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። ወደ ባንኮኒው ተመለሰ፣ ሞኪ ተባለ፣ አናናስ ጨመቀ። መጠጥ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ባፉ አልዞረም።

በአምስተኛው ዓመት ሳንባው ታመመ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ከሰዓት በኋላ የወንድሙን እጅ ያዘ።

«አዲንግ፣ አንድ ልጅ ነበረችኝ። በብርጭቆ ለወጥኳት።»

«ተው ማኖንግ።»

«እውነት ነው የምልህ። ከልጄ ወሬዬን ወደድኩ። የዘጠኙ ዝናብ ይምጣ ብዬ ለምን ጠበቅኩ? ደግ ልጅ ያለው ሰው በስምንቱ አይነሳም?»

ክሪስፑሎ አፉን ከፈተ። ነገሩ ምላሱ ላይ ነበር። ቢለው ወንድሙ ሊረግመው ይችላል፣ ግን ራሱን መርገሙን ይተው ነበር። ክሪስፑሎ የተናገረው ምን መሰላችሁ? «ውሃ ላምጣልህ?»

ውሃ! ሴቬሮ በማግሥቱ ሞተ፣ ዊልሚንግተን ተቀበረ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የሱ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ ከውስጥ እየበላው አሥራ አራት ዓመት አብሮት ኖረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ሥራ ብቻ ነው። ሀብት ያለው ሁሉ ሳሎኑን መጠጥ ቤት ማስመሰል ይዞ ነበርና፣ በዕረፍት ቀኑ እየተጠራ በየቤቱ ዝናብ ይገጥማል። በየሳሎኑ ቀርከሃ፣ በየሳሎኑ ጥርሱን ያገጠጠ እንጨት። አንዲት የሌክዉድ ወይዘሮ መሰላሉን ይዛለት «እንደ አገርህ ነው?» ብትለው፣ «የኛ አገር ዝናብ ሳይጠሩትም ቤት ይገባል እመቤቴ» አላት። ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። አንድ ነገር ብቻ እምቢ ይል ነበር፤ ጠፈጠፉን እንዲያስተምራቸው ሲለምኑት፣ እሱን አልችልበትም ይላል።

ቀስ በቀስ ፋሽኑ አለፈ። ልጆቹ በአባቶቻቸው ያበባ ሸሚዝ ይስቁ ጀመር። ሀገርቲ ሞተ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ ለመኪና ማቆሚያ ፈረሰ። ያን ቀን ክሪስፑሎ ከማዶ ቆሞ ዓሣው ሲወርድ፣ ፊቶቹ ከነአቧራቸው ጭነት መኪና ላይ ሲወረወሩ አየ። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነበር። የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባው። ያለውን ሸጦ የመሄጃ ብቻ ትኬት ቆረጠ። ለፑሪፊካስዮን እውነቱን ነግሮ ይቅርታ ጠይቆ፣ ከፈቀደችለት እዚያው መንደሩ አርጅቶ ሊሞት።

በአውሮፕላን ማኒላ፣ ከማኒላ በአውቶቡስ ባዶክ። ፑሪፊካስዮን አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሩዝ ተካይ፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። እንግዳ ሆኖ ሲመጣባት እንደ አገሩ ወግ እጁን ግንባሯ ላይ አስነክታ ሳመችው፣ አትክልት በብርቱ የዓሣ መረቅ ሠርታ ሩዝ ጨምራ አቀረበችለት። ስለ አባቷ ሲያነሳ ግን «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። «ያ ሰውዬ መጠጡን ተወ ወይስ ይዞት ሞተ?» አለችው ሳህኑን እያነሳች።

ክሪስፑሎ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነገራት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ቆርቆሮው።

«ዝናብ ያዘንቡ ነበር? እርስዎ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ሰው ተነስቶ እንዳይሄድ።»

ሳቋ መጣ፤ አፏን በመጎናጸፊያዋ ያዘች። «ወይ ጉድ! እኛ ባለፈው ዝናብ ጣሪያችን ሄደ። የሚገዙት አሉ በሉኛ!» ቀጥሎ ስለዚያ ቀን ነገራት፤ ስለ ዘጠኝ ሰዓት። ሳቋ ቆመ።

«ሰዓቱን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሰዓቱ የሱ ነበር፣ እጄ ላይ አስሮልኝ።»

«እሱስ?»

«እሱ ዝናቡን ነበር የሚጠብቀው። እኔን አምኖ።»

 ከግቢው ጥግ አሳማው ያንኮራፋል። ዓይኗ እጇ ላይ ነው፣ እጇን ትገለባብጣለች።

«ጫማው ልክ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አላደረግኩትም። በባዶ እግሬ ነው የገባሁት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። እልህ ነበረብኝ።» ቀና አለች። «ሲሞት ዝናቡን ያዘገዩት እርስዎ መሆንዎን አውቆ ነው የሞተው?»

«አላወቀም።»

«አልነገሩትም?»

«አልነገርኩትም። ልጄን በብርጭቆ ለወጥኳት እያለ ነው የሞተው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ተኝታችሁ?»

«አዎ ልጄ። ለዚህ ነው የመጣሁት። ይቅር እንድትዪኝ ነው።»

«እኔ?» ተነስታ ቆመች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔን ምን ያደርግልኛል? ልጆች ወልጃለሁ፣ ማዘኔን አዝኜ ጨርሻለሁ። ሳይነገረው የሞተው እሱ ነው። ልጄን በመጠጥ ሸጥኩ እያለ የሞተው እሱ ነው። ለኔ አይደለም የሚነግሩት። ሄደው ለሱ ይንገሩት።»

«ሞቷል እኮ ልጄ።»

«መሞቱን አውቃለሁ። ሄደው ይንገሩት።»

«እኔ እኮ እዚህ ልሞት ነው የመጣሁት። እዚያ ማንም የለኝም።»

«እሱም እዚህ ሊሞት ነበር የሚመጣው» አለች።

 ሲመሽ የእንግዳ ወግ አልተጓደለበትም፤ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ ብርድ ልብስ ተሰጠው፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እሷ ቀድማ ነቅታለች። የሩዝና የኮኮናት ቂጣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ፍም ላይ አብስላ፣ በሁለት ጨርቅ ለያይታ ቋጥራለች። ያለቀሰች ሴት ዓይን ነው ያላት። አንዱን ቋጠሮ ቀኝ እጁ ላይ፣ አንዱን ግራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ ለመንገድ የእርስዎ ነው» አለች። «ይሄኛው የአባቴ ነው።»

ለመመለሻው ትኬት መንደሩ ውስጥ ለቤት መሥሪያ ያሰበውን አወጣ። ዊልሚንግተን የደረሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የራሱን ቋጠሮ መንገድ ላይ አልከፈተውም። ከአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣውን እንደያዘ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደ፤ የወንድሙን ቂጣ ከቅጠሉ ሳይፈታ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማኖንግ፣ ያን ቀን አንተ አልዘገየህም» አለ በአገራቸው ቋንቋ በኢሎካኖ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጠዋት ሰዓቱን ካሰረለት ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ ልጁ በባዶ እግሯ ቤተ ክርስቲያን መግባቷን፣ አሁን ግን አባቴ ማለቷን ጭምር። ሲጨርስ ፀሐዩ አዘቅዝቋል። ሌላ የሚነግረው አልነበረም፤ ተነስቶ የሚሄድበትም ክፍል አልነበረውም። የመቃብሩ ጠባቂ መጥቶ በሩን ልዘጋ ነው እስኪለው ድረስ እዚያው ተቀምጦ ነበር።